ሞላሌ እና ሞላላ፦ ልጆች በህዋ ቃላት ማንበብ ሲማሩ

እስቲ ሁለት ቃላት እንጻፍ። ሞላሌ። ሞላላ።

የመጀመሪያው በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ደጋ ላይ ያለ ከተማ ነው፤ የመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ። ሁለተኛው ደግሞ የቅርጽ ስም ነው፤ ክብ ሆኖ ትንሽ የተለጠጠ፣ እንደ እንቁላል ያለ። በጽሑፍ የሚለያዩት በመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ነው። «ሌ» ቀኝ እግሯ ሥር ቀለበት አላት፤ «ላ» ቀለበት የላትም፣ ቀኝ እግሯ ረዘም ብሏል። በቃ፣ ልዩነቱ ይህችው ናት።

አሁን ሞላሌ ተወልዶ ያደገ የሁለተኛ ክፍል ልጅ እናስብ። የከተማውን ስም ከልጅነቱ ጀምሮ በየታፔላው ላይ አይቶታል። አንድ ቀን መጽሐፍ ላይ «ሞላላ» የሚል ቃል ቢያጋጥመው ምን ብሎ የሚያነበው ይመስላችኋል? «ሞላሌ!» ቢል አይገርምም። ዓይኑ የለመደውን ቅርጽ አየ፣ አፉ የለመደውን ስም ጠራ። ፊደሎቹን ግን እስከ መጨረሻው አላያቸውም። ገመተ እንጂ አላነበበም።

«ታዲያ ምን ችግር አለው? አንድ ፊደል ነው» ትሉ ይሆናል። ቃሉ የመጣው «ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት መንገድ ሞላላ ነው» በሚል ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይህን ሐሳብ የሰው ልጅ የደረሰበት ብዙ ለፍቶ ነው። ዮሐንስ ኬፕለር የፕላኔቶች መንገድ ትክክለኛ ክብ ሳይሆን ሞላላ መሆኑን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1609 ነው። ከዚያ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ሊቃውንቱ መንገዱ ክብ መሆን አለበት ብለው ሲከራከሩ ኖረዋል። የእኛ ልጅ ደግሞ ምድርን በሞላሌ በኩል አሳለፋት!

የመገመት ነገር ቀልድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ ውስጥ አንድም ቃል በትክክል ማንበብ አልቻሉም። ከእነዚህ ልጆች መካከል መጽሐፋቸውን ገልጠው «የሚያነቡ» እንደሚኖሩ መገመት ይቻላል፤ ገጹን በቃላቸው ስለያዙት። ታናሽ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ ልትፈትኗቸው ትችላላችሁ። የሚያነቡትን ገጽ በእጃችሁ ሸፍኑትና «ቀጥል» በሉት። ከቀጠለ መጽሐፉን አይደለም የሚያነበው፣ ትዝታውን ነው።

የጥንቶቹ የኔታዎች ያወቁት ዘዴ

ይህን ችግር መጀመሪያ ያዩት የዘመናችን ተመራማሪዎች አይደሉም። የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት የገባ ልጅ መጀመሪያ «ሀ ሁ ሂ ሃ» ይላል። ፊደሉ 33 ነው፣ እያንዳንዱ 7 መልክ አለው፣ ሲባዛ 231 ይሆናል። ልጁ ይህን ሁሉ እንደ ዘፈን በዜማ ያወርደዋል። የኔታ ግን በዜማ አይታለሉም። ቀጥለው ሌላ ገበታ ያመጣሉ፦ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ»። እዚህ ላይ ፊደሎቹም ተራቸውን ቀይረዋል፣ መልካቸውም ተቀላቅሏል። «ሀ ሁ»ን በዜማ ብቻ የያዘ ልጅ አቡጊዳ ላይ ሲደርስ ይወድቃል። እያንዳንዷን ፊደል በመልኳ የለየ ልጅ ያልፋል።

አስተውሉ፤ አቡጊዳ ውስጥ የተጨመረ አዲስ ፊደል የለም። የተጨመረው አለመልመድ ብቻ ነው። ልጁ መገመት እንዳይችል ተደረገ።

የህዋ ቃላት ለጀማሪ አንባቢ የሚሰጡት የመጀመሪያው ጥቅም ይኸው ነው። «በግ»፣ «ቤት»፣ «ውሃ» የሚሉትን ቃላት ልጁ የመጀመሪያዋን ፊደል አይቶ ሊጨርሳቸው ይችላል። «መንኮራኩር» የሚለውን ግን ማን ይገምተዋል? መ-ን-ኮ-ራ-ኩ-ር ብሎ እየሰበሰበ መሄድ ግድ ይለዋል። «ኮ» እና «ኩ» አንድ ቃል ውስጥ ገብተዋል፤ አንዱን በሌላው ቢተካ ወዲያው ይሰማል። «ምህዋር»፣ «ጠፈርተኛ»፣ «ጅራታም ኮከብ»... ሁሉም በልጁ ደጃፍ በየቀኑ የማይጠሩ ቃላት ናቸው። ልጁ በትክክል ካነበባቸው በእርግጥም አንብቧል ማለት ነው።

ቆይ ግን፣ የማያውቀውን ቃል ቢያነብ ምን ይጠቅመዋል?

ይህ ጥያቄ ከባድ ነው፤ ዝም ብለን ልናልፈው አንችልም። እ.ኤ.አ. በ1986 ፊሊፕ ጎፍ እና ዊሊያም ተንመር የተባሉ ተመራማሪዎች ማንበብን በአንድ ቀላል ስሌት ገለጹት፦ ፊደል መፍታት ሲባዛ በቋንቋ መረዳት። ልብ በሉ፣ ሲደመር አላሉም፤ ሲባዛ ነው ያሉት። አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱም ዜሮ ነው። ዳዊትን በግእዝ እንደ ውሃ የሚያንበለብል ነገር ግን የግእዝን ትርጉም ገና ያልተማረ ተማሪ አይታችሁ ይሆናል። ፊደል መፍታቱ ሙሉ ነው፣ መረዳቱ ግን ገና ነው። በተቃራኒው ተረት ሲነገራቸው አንድም ነገር የማያመልጣቸው፣ ግን ፊደል ያልቆጠሩ አያት አሉ። እሳቸው ደግሞ መረዳታቸው ሙሉ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1988 አሜሪካ ውስጥ ዶና ሬክት እና ሎረን ሌስሊ 64 ተማሪዎችን ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የሚናገር ጽሑፍ አስነበቧቸው። ከልጆቹ አንዳንዶቹ ጎበዝ አንባቢ ነበሩ፣ አንዳንዶቹ ደካማ፤ አንዳንዶቹ ጨዋታውን በደንብ ያውቁታል፣ አንዳንዶቹ አያውቁትም። ውጤቱ ብዙዎችን አስገረመ፤ ጨዋታውን የሚያውቁት ደካማ አንባቢዎች፣ ጨዋታውን ከማያውቁት ጎበዝ አንባቢዎች በልጠው ጽሑፉን ተረዱት።

ይህን ወደ መንዝ እናምጣው። ስለ ጓሳ ሣር የሚናገር ገጽ ለሞላሌ ልጅ እና ለአዲስ አበባ ልጅ ስጡ። የሞላሌው ልጅ ጓሳ ቤት እንደሚከደንበት፣ ገመድ እንደሚገመድበት ያውቃል። በርኖስ፣ ባና፣ ዝተት ምን እንደሆኑ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። ጭላዳንም አይቷል። የአዲስ አበባው ልጅ በፍጥነት ቢያነብም «ጓሳ ምንድን ነው?» ብሎ ይቆማል። ስለዚህ «ልጆችን በሚያውቁት ነገር ማስተማር ይሻላል፣ ሮኬትና ሳተላይቱ ምን ያደርግላቸዋል?» የሚሉ ሰዎች እውነት አላቸው።

እኔ ግን በዚህ ክርክር ውስጥ አንድ የተዘነጋ ነገር ያለ ይመስለኛል። ሰማይ ለሞላሌ ልጅ ሩቅ ነገር ነው ያለው ማን ነው? እንዲያውም የመንዝ ልጅ ከአዲስ አበባው ልጅ የበለጠ የሚያውቀው ሰማይ አለው። ከተማ ውስጥ የመንገድና የሱቅ መብራት ከዋክብትን ይሸፍናል። ደጋው ላይ ግን አየሩ ስስ ነው፣ ሌሊቱ ጨለማ ነው፤ በበጋ ማታ ደጅ የወጣ ልጅ ፍኖተ ሐሊብን ከዳር እስከ ዳር ያያል። በእንጦጦ ተራራ ላይ ባለ አንድ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉት ለምን መሰላችሁ? አንዱ ምክንያት ቦታው 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ነው። የመንዝ ደጋም ከዚህ ብዙ አያንስም፤ የጓሳ ጥብቅ ስፍራ ደግሞ ያልፈዋል። እንግዲህ ልጁ ሰማዩን ያውቀዋል። የቀረው ለሚያየው ነገር ቃል ማግኘት ነው።

ጣሪያ፣ መንገድ፣ ጎማ

ደስ የሚለው ደግሞ የህዋ ቃላቶቻችን አብዛኞቹ ከቤት ዕቃ የተሠሩ መሆናቸው ነው።

«ጠፈር» የሚለውን እንውሰድ። በግእዝ ጠፈር ማለት ጣሪያ ማለት ነው፤ ከዚያም የሰማዩ ጣሪያ። የድሮ ሰዎች ሰማይን ሲያዩ ከላይ የተከደነ ቤት መሰላቸው። የሞላሌው ልጅ በጓሳ የተከደነ ጣሪያ ሥር ተኝቶ ቀና ብሎ ካየ፣ ቃሉ ከየት እንደመጣ ገባው ማለት ነው። ከዚያ «ጠፈርተኛ» የሚለውን ራሱ ይፈታዋል፤ ወደ ጠፈር የሚሄድ ሰው። (በነገራችን ላይ ቃሉን ሳስበው ሁልጊዜ ያስቀኛል። ጣሪያ የሌለውን ቦታ «ጣሪያ» ብለን ጠርተን፣ ሰው ደግሞ በጣሪያው በኩል ወጣ እንላለን።)

«ምህዋር» ደግሞ አንድ አካል በሌላው ዙሪያ የሚሄድበት መንገድ ነው። ሥሩ የግእዙ «ሖረ» ነው፣ ሄደ ማለት። ከዚሁ ሥር የወጣ፣ ማንኛውም የመንዝ ልጅ የሚያውቀው ሌላ ቃል አለ፤ «ሐዋርያ»። የተላከ፣ የሚሄድ ሰው። ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፏቸው፦ ምሕዋር፣ ሐዋርያ። ሐ-ወ-ረ በሁለቱም ውስጥ ቁጭ ብለዋል። ሥሩን ያየ ልጅ አንድ ቃል ተምሮ ሁለት አተረፈ። ደግሞም አንዳንድ መጻሕፍት «ምህዋር»፣ አንዳንዶቹ «ምሕዋር» ብለው ለምን እንደሚጽፉ ይገባዋል። ድምጹ አንድ ሆኗል፣ የመጀመሪያው ፊደል ግን የትውልድ ማስታወሻ ነው።

«መንኮራኩር»ስ? በግእዝ «አንኰርኰረ» ማለት አንከባለለ ነው። መንኮራኩር የሚንከባለል ነገር፣ ጎማ፣ የሠረገላ እግር ነበር። ዛሬ ወደ ህዋ የምትወነጨፈውን ተሽከርካሪ እንጠራበታለን፤ ጎማ ባይኖራትም። ቃሉ ራሱ ሲነበብ ይንከባለላል፤ እስቲ ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

«አጥቢያ ኮከብ» የሚለውን ደግሞ አያቶች ይነግሯችኋል። ሊነጋ ሲል በምሥራቅ በኩል ደምቃ የምትታየው ናት። «ጠባ» ማለት ነጋ ነው፤ አጥቢያ ኮከብ የንጋት ኮከብ ናት። እዚህ ላይ ግን ሳይንሱ አንድ እርማት ያመጣል። እሷ ኮከብ አይደለችም፤ ቬኑስ የተባለች ፕላኔት ናት። ኮከብ የራሱ ብርሃን አለው፣ እንደ ፀሐያችን። ፕላኔት ግን የፀሐይን ብርሃን ተቀብላ ታንጸባርቃለች፤ ማታ ባትሪ ሲበራበት እንደሚያብለጨልጭ ቆርቆሮ። ልጁ «ኮከብ» እና «ፕላኔት» የሚሉትን ሁለት ቃላት ከዚያ በኋላ አያምታታቸውም፤ ለመለየት የሚያስችለው ምክንያት በእጁ ነውና።

ይበራል ወይስ ይበራል?

አማርኛ ለአንባቢ የሚደብቀው አንድ ነገር አለ፤ መጥበቅና መላላት። «ገና» ብለን ጽፈን፣ ላልቶ ሲነበብ «ገና አልደረሰም» እንደምንለው ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው። ፊደሉ ላይ ምንም ምልክት የለም።

ከህዋ ትምህርት ውስጥ ለዚህ የሚሆን ምርጥ ምሳሌ አለ። «ኮከቡ ይበራል»። «መንኮራኩሩ ይበራል»። ሁለቱም ላይ ያው አንድ ቃል ነው የተጻፈው። በመጀመሪያው «ራ» ላልታ ትነበባለች፤ ብርሃን ይሰጣል ለማለት ነው፣ «በራ» ከሚለው። በሁለተኛው «ራ» ጠብቃ ትነበባለች፤ በአየር ይሄዳል ለማለት ነው፣ «በረረ» ከሚለው። አንዳንዶች ለመለየት «ይበርራል» ብለው ይጽፋሉ፣ ብዙዎች ግን አይጽፉም።

እንግዲህ ልጁ የትኛውን ይምረጥ? ፊደሉ አይነግረውም። የሚነግረው ትርጉሙ ነው። ኮከብ ምን እንደሚያደርግ፣ መንኮራኩር ምን እንደሚያደርግ ካወቀ አፉ በትክክል ይታዘዘዋል። ካላወቀ ይሳሳታል፣ ወይም በዕድል ያልፋል። የጎፍ እና የተንመር ማባዛት በአንድ ቃል ውስጥ ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚህ ነው። በአማርኛ የቃላት ዕውቀት ከንባብ በኋላ የሚመጣ ጌጥ አይደለም፤ ድምጹን ራሱን ለማውጣት ያስፈልጋል።

ሰማይ ላይ የተጻፈ አማርኛ

«የህዋ ቃላት የፈረንጅ ናቸው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ ይህን ንገሩት።

እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ እያንዳንዱ አገር አንድ ኮከብና በዙሪያው የምትዞር አንዲት ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሰጠ። ለኢትዮጵያ የደረሳት ኤችዲ 16175 የሚባል ኮከብ ነበር። ስሙ ምን ተባለ? ቡና። ፕላኔቷስ? አቦል። ይህ ይፋ የሆነው ታኅሣሥ 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከ3 ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 10፣ የአገራችን የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና ተወነጨፈች። 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን፣ እርሻን፣ ደንንና የአየር ሁኔታን ከላይ ሆና እንድትመለከት የተሠራች ነበረች።

አቦል የቡና የመጀመሪያው ስኒ መሆኑን የማያውቅ ልጅ የለም። ስለዚህ ልጁ ቃሉን ሲያነብ ትርጉሙ ቀድሞ ቤቱ ውስጥ አለ። ከዚያ አዲሱን ዕውቀት በላዩ መደረብ ይቻላል። አቦል በቡና ዙሪያ ምህዋሯን የምትጨርሰው በ995 ቀናት ገደማ ነው። 8 ዓመት የሞላው የሞላሌ ልጅ አቦል ላይ ቢወለድ ኖሮ ገና 3 ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር! (8 ዓመትን ወደ ቀን ቀይሩና ለ995 አካፍሉት።) ግን አቦል ላይ መቆም አይቻልም፤ ከጁፒተር ከ4 እጥፍ በላይ የምትከብድ ግዙፍ ፕላኔት ናት፣ ጠንካራ መሬት ያላት አትመስልም። ምህዋሯስ ምን ዓይነት ነው? ሞላላ! ያውም በጣም የተለጠጠ ሞላላ። እዚህ ላይ «ሞላሌ» ብሎ ያነበበ ልጅ ራሱ ስቆ ይመለሳል።

ቡና ከእኛ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። ይህ ማለት ዛሬ ማታ ወደ ቴሌስኮፕ የሚገባው ብርሃኑ ጉዞ የጀመረው በሸዋ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በሚገዙበት ዘመን ነው። ኮከቡ ያለው አንድሮሜዳ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ነው። በግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ በእርግጥ የዚያ ተረት «ኢትዮጵያ» በካርታ ላይ ከዛሬዋ አገራችን ጋር አንድ ነው ማለት አይቻልም። ቡናን በባዶ ዓይን አታዩትም፣ ደብዛዛ ነው። ጥሩ የእጅ አጉሊ መነጽር ካገኛችሁ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ በሰሜን በኩል ከፍ ብሎ ልትፈልጉት ትችላላችሁ።

ሁለተኛው ታሪክ የሉሲ ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሐዳር ላይ የተገኘችውን 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆናትን ቅሪተ አካል ፈረንጆቹ ሉሲ አሏት፤ እኛ ድንቅነሽ። የአሜሪካው የህዋ ድርጅት ናሳ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ያመጠቃትን መንኮራኩር በስሟ ሉሲ ብሎ ሰየማት። የመንኮራኩሯ ሥራ የጁፒተርን ምህዋር የሚጋሩ ጥንታዊ አለቶችን ማየት ነው። መንገዷ ላይ ግን ከ1 ኪሎ ሜትር በታች የሆነች አንዲት ትንሽ አለት ነበረች፤ እሷን ድንቅነሽ አሏት። ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ሉሲ በድንቅነሽ አጠገብ በ430 ኪሎ ሜትር ርቀት አለፈች።

ፎቶው ሲደርስ ሳይንቲስቶቹ ደነገጡ፤ ድንቅነሽ ብቻዋን አልነበረችም፣ በዙሪያዋ የምትዞር ጨረቃ አለቻት። ሌላ ፎቶ ሲመጣ ደግሞ ጨረቃዋ ራሷ አንድ ሳትሆን እርስ በርስ የተነካኩ ሁለት አለቶች ሆና ተገኘች። ስሟ ሰላም ተባለ። ሰላም ማለት ዶ/ር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በዲኪካ ያገኟት፣ ስትሞት 3 ዓመት ገደማ የነበረች ሕፃን ቅሪተ አካል ስም ነው። በዕድሜ ከድንቅነሽ ትቀድማለች፤ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ሆኗታል።

አሁን «ድንቅነሽ» የሚለውን ቃል ለጀማሪ አንባቢ ስጡት። ድ-ን-ቅ-ነ-ሽ። ከአምስቱ ፊደላት አራቱ ሳድስ ናቸው። ሳድስ አስቸጋሪ ነው፤ አንዳንዴ አጭር ድምፅ አለው፣ አንዳንዴ ምንም የለውም። ልጁ እያንዳንዱን ለየብቻ ከጠራ ቃሉ ይሰባበራል። ለሁለት ከከፈለው ግን ይቃናል፦ ድንቅ፣ ነሽ። «ድንቅ» ያውቀዋል። «ነሽ» ያውቀዋል፤ ለእናቱ፣ ለእህቱ ይለዋል። ከዚያ «ለወንድ ቢሆንስ?» ብትሉት ድንቅነህ ይላችኋል፤ ለብዙዎች ቢሆን ድንቅ ናችሁ። ከአንዲት አለት ስም አንድ ሙሉ የሰዋስው ትምህርት ወጣ።

ማታ ደጅ ሲወጣ

ለዚህ ሁሉ ታብሌት አያስፈልግም፤ ቢኖር አይከፋም። ሌላው ዓለም ትልቅ ነገር ሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2011 አልቪን ድሩ የተባለ ጠፈርተኛ በህዋ ላይ ሆኖ የሕፃናት መጽሐፍ ጮክ ብሎ አንብቧል፤ ከዚያ ወዲህም ሌሎች ጠፈርተኞች ለልጆች የሚያነቡበት ፕሮግራም ተቋቁሟል። ያምራል፤ ነገር ግን ሌላ ሰው ሲያነብ መስማት ራስን አያስነብብም። እኔ ብመርጥ የተቀደደ የደብተር ሽፋን፣ እርሳስ እና ጥርት ያለ ሰማይ እመርጣለሁ።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል፤ ልጁ በቀን ብርሃን ያነበዋል፣ ማታ ወጥቶ እውነት መሆኑን ያያል። ለምሳሌ፦ «የሰሜን ኮከብ ከአድማስ አንድ ጭብጥ ከፍ ይላል።» እጃችሁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ ስትጨብጡ፣ ጭብጣችሁ ሰማይ ላይ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። ሞላሌ ደግሞ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፤ የሰሜን ኮከብ ከፍታ ከቦታው ኬክሮስ ጋር እኩል ገደማ ስለሆነ፣ ተራራ ካልከለለው እዚያው ጭብጣችሁ ላይ ታገኙታላችሁ። ልጁ ሦስት አዲስ ቃላት አነበበ፦ አድማስ፣ ጭብጥ፣ ኬክሮስ። ሦስቱንም በእጁና በዓይኑ ነካቸው። በርኖሱን ግን አይርሳ፤ የመንዝ ብርድ ሳይንስ አያውቅም።

በሚቀጥለው ቀን ዓረፍተ ነገሩን ገልብጣችሁ ጻፉለት፤ «አንድ ጭብጥ ከአድማስ ከፍ የሚለው የሰሜን ኮከብ ነው»። ቃላቱ ያው ናቸው፣ ተራቸው ግን ተቀይሯል። በቃሉ የያዘው ከሆነ እዚህ ይያዛል። የየኔታ አቡጊዳ መሆኑ ነው።

ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ቀና ብላችሁ ከቆያችሁ ደግሞ ከከዋክብቱ መካከል ሳትብለጨለጭ ቀስ ብላ የምትሄድ ነጥብ ልታዩ ትችላላችሁ። ሳተላይት ናት። ብርሃኗ የራሷ አይደለም፤ ለእኛ የጠለቀችው ፀሐይ ለእሷ እዚያ ከፍታ ላይ ገና አልጠለቀችም፣ ያንን ብርሃን ነው የምታንጸባርቀው። ይህን ካሳያችሁት በኋላ ታናሻችሁ ካርቶኑ ላይ ራሱ እንዲጽፍ ጠይቁት። «ሳተላይቱ ይበራል» ብሎ ከጻፈ፣ «የትኛው ነው? ጠብቆ ነው ላልቶ?» በሉትና መልሱን ከነምክንያቱ ስሙት።